ቤት ወይስ ትምህርት ቤት? የልጆቻችን ውጤትና የአንድ ጥያቄ ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንተ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነበርክና ስለ ልጆቻችን ትምህርት አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ አንገራግሬ ነበር። ትምህርቴን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ከአገር የወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህም ከሃያ ዓመት በላይ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ እንጂ ምሁር አይደለሁም። ሆኖም ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ከምንከራከርባቸው ጉዳዮች ሁሉ የልጆችን ትምህርት ያህል የሚያነታርከን የለምና፣ ክርክሩን ከታሪኩ ጋር አገናኝቼ ለማቅረብ ደፈርሁ።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ንግግር ነው። አንዱ ይነሣና «እኛ በኩራዝ አጥንተን፣ በባዶ እግራችን ሁለት ሰዓት ተጉዘን ተምረን እዚህ ደረስን። የዛሬ ልጆች መጽሐፉም ኮምፒዩተሩም ሞልቶላቸው፣ አውቶቡሱ በር ድረስ መጥቶላቸው የሚሰንፉት ለምንድን ነው?» ይላል። ሁለተኛው «ጥፋተኛው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የእኛን ልጆች ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጎ ያያቸዋል» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ «ጥፋቱ የወላጅ ነው፤ ሁላችንም ሌሊት መኪና ላይ ሆነን ልጁን ማን ያስጠናው?» ይላል። በዚህ መሐል ተራችን ይደርስና እንበተናለን። ሦስቱም ሐሳቦች ግን ከእኛ በፊት በሊቃውንት መካከል፣ በፍርድ ቤትና በመንግሥት ሸንጎ ሲያከራክሩ የኖሩ ናቸው።

የካቲት 11 ቀን 1966

ባለ ታክሲ ነኝና ከአገር ቤት ባለ ታክሲዎች ልጀምር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሁለት የሥራ ማቆም አድማዎች በአንድ ቀን ተጀመሩ። ባለ ታክሲዎች የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ መኪኖቻቸውን አቆሙ፤ መምህራን ደግሞ ክፍላቸውን ትተው ወጡ። የመምህራኑ ጥያቄ የደመወዝ ብቻ አልነበረም። «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ መቃወማቸውም ነበር።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ አይመስልም። በዚያ ዘመን ከአምስት የአገራችን ሕፃናት አንዱ እንኳ ትምህርት ቤት አይገባም ነበር። የነበሩትም ትምህርት ቤቶች የሚበዙት በከተማ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር ግን ይመጠን የሚል ነበር። ወላጅና መምህር የተረጎመው በሌላ መንገድ ነው፤ «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታም ልጅ ይቀጥል ማለት ነው» አለ። መንግሥትም በዚያው ሰሞን የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፤ ዕቅዱንም አቆየው። ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም፤ የዚያ ዓመት አብዮት ከእነዚህ አድማዎች ጋር ተያይዞ መጣ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለፖለቲካው አይደለም። ወላጆቻችን ስለ ትምህርት የነበራቸውን እምነት ስለሚያሳይ ነው። ለገበሬው፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ ለወዛደሩ የልጅ መውጫ መሰላል አንድ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ትምህርት ቤት ናት። ቤቱ መጽሐፍ አልነበረውም፣ አባት ፊደል አልቆጠረም፣ ሆኖም «ሳይማር ያስተማረኝ» የምንለው ወገን ልጁን ለአስተማሪ አስረክቦ ወደ እርሻው ይመለሳል። የቀረው የአስተማሪውና የልጁ ጉዳይ ነው። እኔም ያደግሁት በዚሁ እምነት ነው፤ ወደ አሜሪካ ስመጣም ይዤው መጣሁ።

ጉዳዩ በዋሽንግተን

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ እንለፍ። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ሱሳ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 አሥራ አንድ ጥቁር ልጆች እዚያ ለመመዝገብ ሄደው፣ ባዶ ክፍሎች እያሉ በቀለማቸው ምክንያት ተመለሱ። ከዚያ የተነሣው የቦሊንግና የሻርፕ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 17 ቀን 1954፣ ታዋቂው የብራውን ፍርድ በተሰጠበት በዚያው ዕለት፣ በዋና ከተማዋም ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ሆነ።

በሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን ከበሩ በስተጀርባ ሌላ በር ተሠራ። ከ1956 ጀምሮ የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በፈተና እየለዩ «ትራክ» በተባሉ መስመሮች ይመድቡ ጀመር። ከላይ ያለው መስመር ወደ ኮሌጅ ይወስዳል፤ ከታች ያለው ግን ለቀላል የእጅ ሥራ ያዘጋጃል። አሠራሩ ቆይቶ እስከ አንደኛ ደረጃ ወረደ። ዋና ጠበቃው ካርል ሃንሰን ሲሆኑ፣ ከ1958 ጀምሮ የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ሃሳባቸው እያንዳንዱ ልጅ በአቅሙ ይማር የሚል ነው። ሲሰማ ፍትሐዊ ይመስላል።

ይህን አሠራር የተቃወሙት ጁልየስ ሆብሰን የተባሉ የሲቪል መብት ታጋይ ናቸው። ሙያቸው ስታቲስቲክስ ስለነበር ከመፈክር ይልቅ ቁጥር ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው ስኬሊ ራይት ጁን 19 ቀን 1967 በሰጡት ፍርድ ላይ ከሰፈሩት ቁጥሮች ሁለቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። ጥቁሮች በሚበዙባቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ በዓመት የሚወጣው መካከለኛ ወጪ 292 ዶላር ሲሆን፣ ነጮች በሚበዙባቸው 392 ዶላር ነበር። ልዩነቱ ድፍን መቶ ዶላር ነው። ሁለተኛው የምደባ ነው። በ1965 በዝቅተኛው መስመር የነበሩ ወይም ሊገቡ የተዘጋጁ 1,272 ልጆች በሥነ ልቡና ባለሙያ እንደገና ሲመረመሩ 820ዎቹ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት፣ ያለ ቦታቸው የተመደቡ ሆነው ተገኙ።

ዳኛው ያመለከቱት ነገር ቀላልና ከባድ ነው። ፈተናው የተለካው በመካከለኛ መደብ ነጭ ልጆች ስለሆነ፣ የድሃውን ጥቁር ልጅ ተፈጥሯዊ ችሎታ ሳይሆን እስከዚያ ድረስ ያገኘውንና ያላገኘውን ነው የሚለካው። ከዚያ ልጁ ዝቅ ባለው መስመር ይገባል፤ የሚሰጠው ትምህርት ያንሳል፤ ትምህርቱ ስላነሰ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፤ በመጨረሻም «ይኸው፣ አይችልም ብለን ነበር» ይባላል። ፍርድ ቤቱ የትራኩን አሠራር አገደ። ሃንሰን ሥራቸውን ለቀቁ። በ1971 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ለመምህራን ደመወዝ በነፍስ ወከፍ የሚወጣው ገንዘብ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ አዘዘ። እንግዲህ በኤርፖርት ተራ «ጥፋተኛው ትምህርት ቤቱ ነው» የሚለው ወዳጃችን በዚህች ከተማ በፍርድ የተረጋገጠ ታሪክ አለው።

የኮልማን ጥናት

ሦስተኛው ወዳጃችን፣ «ጥፋቱ የወላጅ ነው» ባዩም ማስረጃ አያጣም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መንግሥት በአገሪቱ ያለውን የትምህርት ዕድል ልዩነት አጥንቶ እንዲያቀርብ አዝዞ ነበር። ሥራው የተሰጠው በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ለነበሩት ለጄምስ ኮልማን ነው። 4,000 ያህል ትምህርት ቤቶችንና ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተው ጥናት በ1966 በጁላይ ወር መጀመሪያ ወጣ።

ሁሉም የጠበቀው «የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሕንፃው የፈረሰ፣ መጽሐፉ የጎደለ ስለሆነ ውጤታቸው ዝቅ አለ» የሚል መልስ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። የውጤቱ ልዩነት በእርግጥ ሰፊ ነበር፤ በሰሜን ምሥራቅ ትልልቅ ከተሞች ጥቁሩ ተማሪ በቃላት ችሎታ 6ኛ ክፍል ላይ በ1.6 ዓመት፣ 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ በ3.3 ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኝቷል። ነገር ግን ልዩነቱን ከሕንፃው፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከወጪው ይልቅ የሚያብራራው የልጁ ቤተሰብ ሁኔታ ሆነ። ከቤተሰብ ቀጥሎ ልጁ አብሯቸው የሚማረው ልጆች ማንነት ይመዝናል። አንድ ሌላ ነገርም ተገኘ፤ በተለይ ለጥቁር ልጆች «ብጥር ሕይወቴን መለወጥ እችላለሁ» ብሎ ማመንና አለማመን ከትምህርት ቤቱ ዕቃና ወጪ ሁሉ ይልቅ ከውጤት ጋር ይያያዛል።

ጥናቱን አንዳንዶች «እንግዲያው ለትምህርት ቤት ገንዘብ ማውጣት ዋጋ የለውም» ለማለት ተጠቀሙበት። ይህ ስሕተት መሆኑን ከዚያ በኋላ የመጡ ምርምሮች አሳይተዋል። በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በጀታቸው በጨመረ አካባቢዎች የተማሩ የድሃ ልጆች ረዘም ላሉ ዓመታት እንደተማሩና ሲያድጉም የተሻለ ደመወዝ እንዳገኙ አረጋግጧል። ጎበዝ አስተማሪም ለውጥ ያመጣል። ኮልማን ያሉት ግን አልተሻረም፤ በዚህ አገር ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ነገር ትልቅ ክብደት አለው።

ይህ ከቤት የሚመጣ ነገር ምን እንደሆነ ለማብራራት የሞከሩት ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዮ ናቸው። የገጠር ፖስተኛ ልጅ ነበሩ። ከዣን ክሎድ ፓስሮን ጋር በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚሉት፣ ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ንግግሩን፣ የመጽሐፍ ልማዱን፣ ከአስተማሪ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቁንም ይወርሳል። ትምህርት ቤት ይህን ውርስ ያይና «ተሰጥዖ» ብሎ ይጠራዋል። በእኛ ቋንቋ «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የምንለው ማለት ነው። በ2003 የታተመው የአሜሪካዊቷ የአኔት ላሮ ጥናትም ይህን በዓይን የሚታይ አድርጎታል። የመካከለኛው መደብ ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ልጁም እንዲጠይቅ ያስተምረዋል። ሠራተኛው ወላጅ ግን «እነርሱ ያውቃሉ» ብሎ ይተወዋል። ልጁን ስለማይወድ አይደለም፤ ሙያን ስለሚያከብር ነው። ይህን ሳነብ ራሳችንን ያየሁ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ወዳጃችንስ?

«እኛ በኩራዝ ተምረን» የሚለው የመጀመሪያው ተከራካሪ ቀርቷል። እርሱም ሐሰት አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ1983 ስቲቨን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ 29 አገሮችን አወዳድረው ባሳተሙት ጥናት፣ አገሪቱ ድሃ በሆነች ቁጥር የልጁን ውጤት የሚወስነው ከቤተሰቡ ይልቅ የትምህርት ቤቱና የአስተማሪው ጥራት ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱም ብዙው ቤት እኩል ባዶ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ያለውና አስተማሪ የሚገባበት ትምህርት ቤት ያገኘ ልጅ ይለያል። በ1990ዎቹ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2002 የወጣ ሌላ ጥናት ትምህርት በየአገሩ እየተስፋፋ ሲሄድ ይህ ልዩነት እንደደበዘዘና የቤተሰብ ክብደት በየቦታው እንደጨመረ ይገልጻል።

እንግዲህ ሁለቱን ግኝቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እኛ ያደግነው ትምህርት ቤት ሁሉን ነገር በሚወስንበት አገር ነው፤ ልጆቻችንን የምናሳድገው ቤት ብዙውን ነገር በሚወስንበት አገር ነው። ልጁን ለአስተማሪ አስረክቦ ወደ ሥራ መሄድ እዚያ ትክክል ነበር። እዚህ ያው ሥራ ልጅን ብቻውን ሜዳ ላይ ማስቀረት ይሆናል።

ደግሞም «እኛ ደረስን» ስንል የምንረሳው ነገር አለ። እኔ በተማርኩባት ትንሽ ከተማ ማትሪክ ከተፈተንን 70 የክፍል ጓደኞች ዩኒቨርሲቲ የገባነው አራት ነን። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ በሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የቤት ሥራዬን የሚያርመው እርሱ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አባቱ ሲሞቱ ወንድሞቹን ለማሳደግ ወደ እርሻ ተመለሰ። የኩራዙን ታሪክ ዛሬ የምናወራው አራታችን ነን። የስልሳ ስድስቱን ታሪክ የሚያወራ የለም። ስለዚህ «በኩራዝ ያጠና ይደርሳል» የሚለው አባባል እውነትነቱ ሩቡ ነው፤ በኩራዝ አጥንተው ያልደረሱት ይበዛሉ።

ስለ ራሴ ልናገር

ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ ብዬ የተመጻደቅሁ እንዳይመስላችሁ፣ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የመጀመሪያ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ኤርፖርት ተራዬ ደርሶ ነበር። መሪው ላይ አስደግፌ ሳላነብ ፈረምሁና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባሁት። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ምሽት «አባዬ፣ እኔ እኮ ሒሳብ የማልችል ሰው ነኝ» አለችኝ። ሰው ነኝ እንጂ ተማሪ ነኝ አላለችም። ደነገጥሁ። ደብዳቤውን ፈልጌ ሳነበው፣ ዝቅ ባለው የሒሳብ ክፍል መመደቧን የሚገልጽ፣ የማይስማማ ወላጅ እንደገና እንድትፈተን ሊጠይቅ እንደሚችል የሚናገር ነበር። እኔ «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ነው የፈረምሁት። ስለ ትራክ ፈተና ተፈትኜ ጥሩ ነጥብ ያገኘሁ ሰው የልጄን ትራክ ሳላነብ ፈረምሁ።

በማኅበራችን አንዲት እኅት እርዳታ ደብዳቤ ጻፍን፤ ቀጠሮ ተሰጠን፤ ልጄም እንደገና ተፈተነች። ሁሉን አለፈች ብዬ አልፎክርም። ገሚሱን አገኘች፤ የጎደለውን በክረምት እረፍቷ ተምራ ወደ ላይኛው ክፍል ገባች። ያቺ «የማልችል ሰው ነኝ» የምትለው ቃል ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ትወጣለች። ኮልማን በ600,000 ልጆች ያዩትን እኔ በአንዲቷ አየሁት።

ምን እናድርግ?

ማኅበራችን በአሥር ዓመቱ ብዙ ቀብሯል፣ ብዙ ድሯል፣ ለተቸገረ ደርሷል። ለሚቀጥለው አሥር ዓመት ግን በትሕትና ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ሰዓት ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር እንጨምር። ማንኛውም ወላጅ ከትምህርት ቤት የመጣለትን ደብዳቤ ይዞ ይምጣ፤ እንግሊዝኛውን የሚያውቅ አንብቦ ያስረዳው፤ መልስ የሚያስፈልገው ከሆነ አብረን እንጻፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አስተማሪን መጠየቅም እዚህ አገር ንቀት እንዳልሆነ እንነጋገርበት።

ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስጠኑ። ኮሌጅ የገቡ ልጆች አሉን። ልጅ አብረውት ከሚማሩት ልጆች ብዙ እንደሚወስድ ጥናቱም ይላል፣ እኛም እናውቃለን። ልጆቻችንንም በሰው ፊት «ሰነፍ» ማለቱን እንተው፤ ቃሉ ከእኛ አፍ ወጥቶ በልጁ ልብ ውስጥ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ አገር ቤትን አንርሳ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ያሉት ልጆች ሁሉ ሰነፎች ናቸው የሚል ሰው ካለ፣ በተራ ቦታችን መጥቶ ይከራከረኝ። ቤቱ ባዶ በሆነበት አገር አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ እዚህ ከምናስበው በላይ ይሠራል። በያመቱ ከበዓሉ ገቢ ጥቂቱን ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መጻሕፍት ብናውል እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ያን የክፍል ጓደኛዬን በስልክ አገኘሁት። ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቁ በሒሳብ ጎበዝ ነው አለኝ። «ማን ያስጠናዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ነኛ» አለና ሳቀ። «እርሻ ስውል ማታ ነው የምንቀመጠው።» እኔ ደግሞ ማታ ማታ የት እንደምውል ታውቃላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ታክሲዬን አቁሜ ቤት እገባለሁ። ገቢዬ ቀንሷል፤ ባለቤቴም የቅዳሜውን ፈረቃ ወስዳለች። እስካሁን ግን አልተጸጸትንም።

መልካም በዓል። ቅዳሜ ደብዳቤዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ።